ጠብታ

ግላኮማ የአባቴን ዓይን ከዳር ወደ መሀል እያጠበበ ወስዶታል። ሐኪሙ «የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን እንጠብቅ» ብሎ ጠብታ አዘዘለት፤ ጧትና ማታ የማደርግለት እኔ ነኝ። ጠብታው ከገባ በኋላ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጉንጩ ላይ የፈሰሰውን በነጠላው ጫፍ እየጠረገ፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቀኝ ነበር።

«ድንጋዩ እንዴት አደረ?»

ድንጋዩ ግቢያችን ውስጥ መኪናዋ የምትቆምበት ሰፊ ጥርብ ድንጋይ ነው። ዘይትም ሆነ ውኃ ካንጠባጠበች እዚያ ላይ ይታያል። እኔ በመስኮት አይቼ «ደረቅ ነው» እለዋለሁ፤ እሱም «ተመስገን» ብሎ ቡናውን ይጠብቃል።

መኪናዋ የአዲስ አበባ ሰው «ዲኤክስ» የሚላት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ናት። ከእርሷ በፊት የነበረን ቮልስ በነፋስ ብቻ የሚቀዘቅዝ ስለ ነበር፣ የውኃ ጣጣ የጀመረን ከዲኤክሷ ጋር ነው። በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ድንጋዩ ረጥቦ አደረ። «ረጥቧል» አልኩት፤ ያን ጊዜ አልዋሸሁትም። ግድግዳውን እየዳበሰ ወጣ፤ ተንበርክኮ ጣቱን አረጠበና አሸተተው። «ፓምፑ ነው። ሳይብስ ይቀየር» አለ። ከጡረታው ያጠራቀመውን ብር ከፍራሹ ሥር አውጥቶም ራሴ ቆጥሬ እንድወስድ ሰጠኝ።

የመኪና ነገር ለማይማርከው አንባቢ ጥቂት ልበል። የውኃ ፓምፕ ከሞተሩ ፊት ተቀምጦ፣ በቺንጊያ እየዞረ፣ ከራዲያተሩ የቀዘቀዘውን ውኃ ወደ ሞተሩ ሆድ የሚገፋ ነው። ዘንጉ በኩሽኔታ ላይ ይሽከረከራል፤ ውኃው ወደ ኩሽኔታው እንዳያልፍ ደግሞ በመካከል ማገጃ አለ። ማገጃው ሲያረጅ ሾልኮ የሚያልፈው ውኃ ወደ ኩሽኔታው ከመድረሱ በፊት ወደ ውጭ እንዲንጠባጠብ፣ ሠሪዎቹ ከፓምፑ ሥር አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ትተዋል። ሌላ ሥራ የላትም። ማንጠባጠብና ባለቤቱን ማስጠንቀቅ ብቻ ነው።

የአባቴ ብር ለልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ሆነ። እተካዋለሁ ብዬ ነበር። እስከዚያው ግን በየማለዳው «ድንጋዩ እንዴት አደረ?» የሚለው ጥያቄ አለ። እርጥቡን ድንጋይ እያየሁ «ደረቅ ነው» ማለት አልሆነልኝም። ስለዚህ አንድ ቀን አባቴ ቀትር ላይ ተኝቶ ሳለ፣ ሲደርቅ እንደ ብረት የሚጠነክር ማጣበቂያ አቡክቼ ቀዳዳዋን ደፈንኳት። በማግሥቱ ድንጋዩ በእውነት ደረቅ ነበር።

«ቆመ?» አለኝ።

«ቆሟል፣ አባዬ።»

ተቀይሯል አላልኩም። ይህን ልዩነት ለሁለት ወር ያህል እንደ መከላከያ ይዤው ኖርኩ።

ጳጉሜን ውስጥ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ልወስደው ባዶ ጀሪካኖቻችንን ጭነን ወጣን። ከቀናት በፊት ጀምሮ ከሞተሩ ፊት ድንጋይ የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ይሰማ ነበር። አባቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሲያዳምጥ ቆየና «ይህ ኩሽኔታ ነው። አዲስ ፓምፕ እንዲህ አይጮኽም» አለ። «ቺንጊያው ይሆናል» አልኩት። ዳገቱ አጋማሽ ላይ የሙቀቱ መርፌ ወደ ቀዩ ወጣ፤ ቀጥሎም ኮፈኑን እንፋሎት ሸፈነው።

ወርጄ ኮፈኑን ስከፍት አባቴ ድምፁን ተከትሎ መጥቶ እጄን ያዘኝ። «ክዳኑን እንዳትነካ!» በወጣትነቱ በጭነት መኪና የአሰብን መንገድ የተመላለሰ ሰው ስለሆነ የፈላ ራዲያተር ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ፣ ክፍት ድስት ላይ ያለ ውኃ ገና 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ እንጦጦ ላይ ደግሞ ከዚያም ባነሰ። የሞተር ውኃ በአግባቡ ሲሠራ እንኳ ከ80 ዲግሪ በላይ ነው። እንዳይፈላ ጨቁኖ የያዘው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ክዳኑ በተነሣ ቅጽበት ሁሉም በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊት ላይ ይወጣል። ጸበልተኞች ቀዝቃዛ ውኃ እናፍስስበት አሉን፤ የጋለ ቴስታታ ይሰነጠቃል ብሎ አባቴ አመስግኖ መለሳቸው። ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጠን እስኪበርድ ጠበቅን፤ በኋላም በገመድ ተጎትተን ወረድን። እስከ ቤት ድረስ አልተናገረኝም፣ አልጠየቀኝምም።

አዲሱን ፓምፕ ከሶማሌ ተራ በብድር ገዛሁ። ቅዳሜ ጧት አባቴ በርጩማውን ከመኪናዋ አፍንጫ አጠገብ አስቀምጦ ሥራው ተጀመረ። የራዲያተሩን ውኃ ሳፋ ላይ አፈሰስኩት፤ እንደ ጥቁር ሻይ ዝጎ ወጣ። ዲናሞውን አላልቼ ቺንጊያውን አወጣሁ፤ ከዚያም ቬንቲላተሩን ፈታሁ። ወደ ፓምፑ ቡሎኖች ስደርስ አባቴ «ካርቶን አምጣ» አለ። የፓምፑን ቅርጽ ካርቶኑ ላይ አሥሎኝ እያንዳንዱን ቡሎን በፈታሁ ቁጥር በትክክለኛ ቦታው እየበሳሁ እንድሰካው አዘዘኝ። ርዝመታቸው ይለያያል፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ወይ አይጠብቅም ወይ ብረቱን ይሰነጥቃል። ለመጽሐፍ ሰዎች የምትሆን አንዲት ነገር እዚህ ላይ ላስገባ፦ ካቻቢቴ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ቺንጊያ፣ ጓርኒሲዮን፤ በ1928 የገባው ጣሊያን በ1933 ወጣ፣ ቃሎቹ ግን ጋራዥ ቀሩ። ኩሽኔታም በጣሊያንኛው ትንሽ ትራስ ማለት ነው።

አሮጌውን ፓምፕ አውጥቼ ጋዜጣ ላይ አኖርኩት። አባቴ እጁን ዘርግቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ዘንጉን አዞረው፤ ተንገጫገጨ። ወደ ጎን ነቀነቀው፤ እንደ ወላለቀ ጥርስ ተወዛወዘ። ከዚያ ጣቱ በሆዱ በኩል ወደ ታች ወረደና ቀዳዳዋ መኖር ባለባት ቦታ ላይ ቆመ። ጠንካራውን ጉብታ በጥፍሩ ፋቀው፤ ደጋግሞ ፋቀው።

«ይህን ማን ደፈነው?»

«እኔ ነኝ።»

ጎረቤት በርበሬ ይወቀጥ ነበር፤ የሙቀጫውን ድምፅ አስታውሳለሁ። አባቴ ፓምፑን ጋዜጣው ላይ መለሰውና «አዲሱን ስጠኝ» አለ። ካርቶኑን ቀድጄ ሰጠሁት፤ ሌላውን ሳይነካ በቀጥታ ቀዳዳዋን ፈልጎ በትንሽ ጣቱ ዳሰሳት። «ክፍት ናት» አለ፤ ለማን እንዳለው አላወቅሁም።

የቀረው ሥራ ነው። የአሮጌውን ጓርኒሲዮን ቅሪት በምላጭ ፋቅሁ፣ አዲሱን አለበስኩ። ቡሎኖቹን ከካርቶኑ እያወጣሁ በአንድ ጊዜ ሳልጨርስ ከዳር ወደ ዳር እያቋረጥኩ በጥቂት በጥቂቱ አጠበቅሁ። ቺንጊያውን ወጥሬ በአውራ ጣት ስጫነው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ሰጠ። ኩላንቱን በተጣራ ውኃ አጋምሼ ሞላሁ፤ አየሩ አረፋ እየሠራ እስኪያልቅ ክዳኑን ከፍቼ ከቀዝቃዛ ሞተር አስነሣሁ። ድምፁ ንጹሕ ነበር። አባቴ ሲያዳምጥ ቆየና ገባ።

በማግሥቱ ጠብታውን አደረግሁለት። ዓይኑን ጨፍኖ ጉንጩን ጠረገ። ጠበቅሁ፤ አልጠየቀኝም።

«ድንጋዩ ደረቅ ነው፣ አባዬ» አልኩት።

«እሺ» አለና ተነሣ። ግድግዳውን ይዞ ወጣ፤ አንዱን ጉልበት፣ ከዚያም ሌላውን አስከትሎ ተንበረከከ፤ መዳፉንም ድንጋዩ ላይ ዘርግቶ ቆየ።