ለሒሳብ ፈተና እርዳታ መጠየቅ ነውር ነው እንዴ?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ! ጥርሱን ሲያመው ሐኪም ቤት የሚሮጥ፣ ስልኩ ሲበላሽ ጠጋኝ ፍለጋ ከተማውን የሚያስስ፣ ፍቅር ሲጠናበት እንኳ ጓደኛውን የሚያማክር ወጣት፣ ሒሳብ ሲያቅተው ለምንድነው አፉን የሚለጉመው? መምህሩ «ገብቷችኋል?» ሲሉ ከሁሉም ቀድሞ ራሱን ይነቀንቃል። ማታ ዶርም ሲገባ ደብተሩን ገልጦ እንደማያውቁት አገር ካርታ ያፈጥበታል። ጓደኛው ሲጠይቀው «ኧረ ቀላል ነው!» ይላል። ከዚያ ፈተናው ይመጣል... የቀረውን እናንተው ታውቁታላችሁ።

አበው «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለዋል። ዘንድሮ ደጃዝማችነቱ ባይኖርም ተረቱ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ላይ ይሠራል። ካልተናገሩ ዲግሪውም ይቀራል!

ይህን እንድጽፍ ያስገደደችኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት። ስሟን አልጠራም፤ እንደሷ ያለች ልጅ በየሰፈራችሁ አትጠፋም። የምኖረው አረርቲ ነው። ምንጃር ሲባል እናንተ የአዲስ አበባ ልጆች መጀመሪያ ትዝ የሚላችሁ ጤፉ ነው አይደል? የልጅቷ አባትም ጤፍና ሽምብራ የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው የ12ኛ ክፍልን ፈተና ስታልፍ ሰፈሩ በእልልታ ነው የቀለጠው። ማለፍ እንዲህ እንደ ዋዛ አይደለማ! የ2014 ዓ.ም. ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ተማሪዎች ብቻ ነበሩ፤ ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ልጅ አለፈ ሲባል የቤተሰቡ ብቻ ሳይሆን የመንደሩም ደስታ ሆኗል።

በ2017 ዓ.ም. ለገና በዓል ልጅቷ ከዩኒቨርሲቲ መጣች። በማግሥቱ እናቷ ቤቴ ድረስ መጡና፣

«አንቺ ልጅ፣ እባክሽ ይህችን ልጅ አናግሪልኝ። ዶሮው ተሠርቶ እህል አልቀምስም አለች። ዓይነ ጥላ ሳይሆን አይቀርም፤ ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ልወስዳት ነው» አሉኝ።

ሄድኩ። ቡና ከተጠጣ በኋላ ጓሮ ወስጄ አዋራኋት። መጀመሪያ መሬት መሬቱን ታያለች። ኋላ ላይ እንባዋ ቀደማት።

«እትዬ፣ የሒሳብ ሚድ ከ30 ስምንት ነው ያመጣሁት። አልመለስም። አባዬ ጤፍ እየሸጠ የሚልክልኝን ብር እየበላሁ ተባርሬ ከምመጣ፣ ፓስፖርት አውጥቼ ቤይሩት ብሄድ ይሻላል። ደላላም አግኝቻለሁ።»

እናንተዬ! ስምንት ነጥብ ሰውን ባሕር ያሻግራል እንዴ? ግን አልሳቅኩባትም። በእሷ ዕድሜ፣ የመንደር እልልታ ተሸክሞ ሄዶ 8 ከ30 ይዞ መመለስ ቀላል ሸክም አይደለም።

«ማንን ጠየቅሽ? መምህርሽን? ጓደኞችሽን?» አልኳት።

«ማንንም። ምን ብዬ ልጠይቅ? ሁሉም እየገባቸው እኔ ብቻ...»

በሽታዋ ይኸው ነበር።

መጀመሪያ የትኛው እንዳቃታችሁ እወቁ

«ሒሳብ አይገባኝም» ማለት ሐኪም ዘንድ ሄዶ «ሰውነቴን ያመኛል» እንደማለት ነው። የቱ ጋ? እጅ ነው? ሆድ ነው?

በ2012 ዓ.ም. በተመለሰው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ የሚወስደው ሒሳብ አራት ትላልቅ ክፍሎች አሉት። ሎጂክና ሴት፣ ሪልና ኮምፕሌክስ ቁጥሮች፣ ፈንክሽን፣ በመጨረሻም አናሊቲክ ጂኦሜትሪ። የማኅበራዊ ሳይንሱ ደግሞ ከሎጂክና ከፈንክሽን ሌላ ማትሪክስና ካልኩለስ አለው። ስማቸው ያስፈራል፤ ተማሪውን የሚጥለው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው።

ልጅቷ የፈተናዋን ወረቀት በስልክ አንስታው ነበርና አንድ በአንድ አየነው። ምን አገኘን መሰላችሁ? ግማሹ የእንግሊዝኛ ጣጣ ነው። «ቢያንስ»፣ «ከዚህ ውጪ ካልሆነ በቀር» የሚሉትን አባባሎች በእንግሊዝኛ ስታገኛቸው ትደናበራለች። ሌላው ከ9ኛ ክፍል የቀረ ዕዳ ነው። ለምሳሌ ኔጌቲቭ 2 ኤክስ ከ6 ያንሳል ከተባለ፣ ለኔጌቲቭ 2 ስናካፍል ምልክቱ ይገለበጥና ኤክስ ከኔጌቲቭ 3 ይበልጣል። እሷ ምልክቱን ሳትገለብጥ ነው የሄደችው። በዚህች አንዲት ነገር ብቻ ሦስት ጥያቄ አጥታለች!

ሎጂኩን ደግሞ በእናቷ አስረዳኋት። «እናትሽ ፈተናውን ካለፍሽ ጫማ እገዛልሻለሁ አሉሽ እንበል። አልፈሽ ከገዙልሽ ቃላቸውን ጠብቀዋል። ወድቀሽ ባይገዙልሽም አልዋሹም። ወድቀሽ አዝነውልሽ ቢገዙልሽስ? ዋሹ ትያለሽ?»

«ኧረ አልልም!»

«መቼ ነው ታዲያ ዋሹ የምትይው?»

«አልፌ ካልገዛችልኝ!»

በቃ! መምህሩ በሰንጠረዥ የጻፉት ይኸው ነው። ከአራቱ መስመር ሐሰት የሚሆነው አንዱ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው እውነት ሆኖ ሁለተኛው ሐሰት ሲሆን። ልጅቷ ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ማንን ልጠይቅ?

አንደኛ፣ መምህራችሁን። ብዙ መምህራን ተማሪ የሚያማክሩበትን ሰዓት ቢሯቸው በር ላይ ይለጥፋሉ። በዚያ ሰዓት ቢሮው ስንት ጊዜ ባዶ እንደሚውል ብታውቁ ይገርማችኋል። ስትገቡ ግን «ምዕራፉ በሙሉ አልገባኝም» አትበሉ። ሞክራችሁ የቆማችሁበትን ወረቀት ይዛችሁ «ይህች መስመር ከየት መጣች?» በሉ። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ለመስጠት አንድ ወር ያስፈልጋል፤ ለሁለተኛው አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ቱቶሪያሉን። ስም ስለማይጠራበት ብዙ ልጅ ይቀራል። ጥያቄ የሚሠራው እዚያ ነው፤ የፈተና ጥያቄም የሚመስለው ያንኑ ነው።

ሦስተኛ፣ ሲኒየሮችን። የድሮ ወርክሺትና የድሮ ፈተና እነሱ ዘንድ አለ። ሴቶች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። «ላስጠናሽ» የሚል ሁሉ ሒሳብ አያስጠናም! ቀን ቀን፣ ላይብረሪ ውስጥ፣ ከተቻለም ከጓደኛ ጋር ሁኑ።

እርዳታ ስል ታዲያ ኩረጃን ማለቴ አይደለም። ፈተና ሲቃረብ «ወረቀቱ ወጥቷል፣ ብር ላኩ» የሚሉ የቴሌግራም ነጋዴዎች እንደ አሸን ይፈላሉ። ብራችሁን በልተው ይጠፋሉ፤ የያዛችሁት መልስ ደግሞ የሌላ ፈተና ሆኖ ይገኛል። እውነተኛ ቢሆን እንኳ የሁለተኛው ሴሚስተር ሒሳብ የመጀመሪያውን ተደግፎ ነው የሚመጣው። ያኔ ማን ይሸጥላችኋል?

ብቻውን የሚያጠና «ደደቡ እኔ ነኝ» ይላል

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1970ዎቹ፣ አሜሪካ በርክሌይ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዩሪ ትሪስማን የተባለ የሒሳብ ሰው አንድ ነገር ግራ ገባው። ከሁለተኛ ደረጃ በጥሩ ውጤት የመጡ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች የመጀመሪያ ዓመት ካልኩለስ ላይ ይወድቃሉ። የቻይና ዝርያ ያላቸው ግን በብዛት ያልፋሉ። አንዳንዱ «ፍላጎት ስለሌላቸው ነው»፣ ሌላው «ቤተሰብ ነው» እያለ ይገምታል። ትሪስማን ግን ከሁለቱም ወገን ሃያ ሃያ ተማሪ መርጦ እንዴት እንደሚያጠኑ እየተከተለ ተመለከተ።

ጥቁሮቹ ተማሪዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ የቤት ሥራቸውን ይሠራሉ። ነገር ግን የሚያጠኑት ብቻ ብቻቸውን ነው። ቻይናዎቹ መጀመሪያ ለየብቻቸው ይሠሩና ማታ ተሰብስበው መልስ ያመሳክራሉ። አንድ ጥያቄ ሁሉንም ካቃታቸው ጥያቄው ከባድ እንደሆነ ይገባቸዋል። ብቻውን የሚያጠናው ግን ያቃተው እሱን ብቻ ይመስለዋል። ትሪስማን ይህን አይቶ፣ ተማሪዎች ከበድ ያሉ ጥያቄዎችን አብረው የሚሠሩበት ዎርክሾፕ አቋቋመ። የተሳተፉት ተማሪዎች ውጤትም በጣም ተሻሻለ።

በርክሌይ ሩቅ ነው ትሉ ይሆናል። እኔም ፍሬሽማን ሒሳብን ያለፍኩት ከአራት የዶርም ጓደኞቼ ጋር ነው። ሕጋችን ቀላል ነበር። ማንም ሳይሞክር አይመጣም፤ የገባው ሰው ላልገባው ያስረዳል፤ አስረጂው እስክሪብቶ አይነካም። ይህችን የመጨረሻዋን ሕግ ያዙልኝ! ሌላ ሰው ሲሠራ ማየት ሁልጊዜ ቀላል ነው። ጎበዙ ልጅ ወረቀታችሁ ላይ ሸርተት አድርጎ ሠርቶት ሲሄድ «አሃ!» ትላላችሁ። ፈተና ላይ ግን ልጁ አጠገባችሁ አይቀመጥም። ስለዚህ ከተረዳችሁ በኋላ ወረቀቱን ገልብጣችሁ ያንኑ ጥያቄ ከመጀመሪያው ሥሩት። በማግሥቱም ድገሙት።

ሩቅ ሆኖም መረዳዳት ይቻላል

ልጅቷ የቆየችው አራት ቀን ብቻ ነው። በአራት ቀን ምን ይሠራል? የ9ኛና የ10ኛ ክፍል መጻሕፍት ተውሰን ክፍልፋይን፣ ምልክትንና «ኮምፕሊቲንግ ዘ ስኩዌር» የሚባለውን ከለስን። ለፋይናሉ ከሚመጣው የክብ ጥያቄ አንዱን ልንገራችሁ። ኤክስ ካሬ ሲደመር ዋይ ካሬ ሲቀነስ 6 ኤክስ ሲደመር 4 ዋይ እኩል ይሆናል 12 ይላል። ያስፈራል አይደል? የኔጌቲቭ 6ን ግማሽ ወስዳችሁ ካሬ ስታደርጉት 9 ነው። የ4 ግማሽ 2፣ ካሬው 4። ሁለቱንም በግራም በቀኝም ስትደምሩ በቀኝ በኩል 25 ይመጣል። መሐሉ 3 እና ኔጌቲቭ 2፣ ራዲየሱ 5 ነው። አለቀ! የ10ኛ ክፍል ዘዴ ነው የዩኒቨርሲቲውን ጥያቄ የፈታው።

ከተመለሰች በኋላ ያቃታትን ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች፤ ማታ ማታ እንደዋወላለን። ይህ እንደ ቀልድ የሚታይ እርዳታ አይደለም። ሳልማን ካን የተባለው ሰው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2004 ቦስተን ተቀምጦ፣ ኒው ኦርሊንስ ያለች ናዲያ የምትባል የዘመድ ልጅ ሒሳብ ሲያቅታት በስልክ ያስጠናት ጀመር። ሌሎች ዘመዶችም መጡ። በ2006 ትምህርቱን ዩቲዩብ ላይ ይጭነው ጀመር፤ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ካን አካዳሚ የበቀለው ከዚያ ነው። መብራትና ኔትወርክ ሲኖር ቪዲዮዎቹን አውርዳችሁ አስቀምጡ። ግን ቪዲዮ እንደ ፊልም አይታይም። ደብተር ይዛችሁ፣ እያቆማችሁ፣ ቀጣዩን መስመር ራሳችሁ ሞክሩት።

ልጅቷ በዚያው ሳምንት የመምህሩን ቢሮ አንኳኳች። «ሦስት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ፤ በአራተኛው ገባሁ» ብላኛለች። መምህሩ አልተቆጡም፤ ወንበር ሰጥተው አስረዷት። ከዶርሟም ሁለት ልጆች «እኛም እኮ አልገባንም!» ብለው አብረው ማጥናት ጀመሩ። እሷ ሁሉም ገብቷቸዋል ስትል እነሱም እሷ ገብቷታል ይሉ ነበር!

ፋይናሉን ከ50 ሠላሳ አራት አመጣች። ከአሳይመንትና ከኩዊዝ 15፣ ከዚያች ከተረገመች 8 ጋር ሲደመር 57። ውጤቱ «ሲ» ነው። እንደ ትልቅ ነገር የሚወራ አይደለም፤ ግን ከመባረር አድኗታል። አባቷ «ሲ ማለት ስንተኛ ነው?» ብለው ሲጠይቋት «ያስቀጥላል አባዬ» አለቻቸው። እናትየው የረዳት ሸንኮራ ዮሐንስ ነው ይላሉ። እኔም አልተከራከርኩም። ደላላው መደወል ትቷል።

እናንተስ? ፈተናው የደረሰባችሁ ካላችሁ ዛሬ ማታ ይህን አድርጉ። ያለፈውን ኩዊዝ ወይም ሚድ አውጡና ነጥብ ያጣችሁበትን መስመር አስምሩ። ከዚያ ነገ ጠዋት አንድ ሰው ዘንድ ሂዱና አንዱን መስመር ብቻ ጠይቁ። በሩ ላይ ልባችሁ ከመታ ግድ የለም፤ አንኳኩት።

ወላጆችም ብትሆኑ ልጅ ዝቅ ያለ ውጤት ይዞ ሲመጣ «አዋረድከን» ከማለታችሁ በፊት «የቱ ጋ ነው ያቃተህ?» በሉት።

መልካም ፈተና!