የተሰነጠቀውን መስተዋት ስለ መጠገንና ስለ መለወጥ

አስተዋይ ሰው የተበላሸ ዕቃ ባየ ጊዜ ሁለት ነገር ይጠይቃል። የመጀመሪያው፦ ይህ ዕቃ ሊጠገን ይችላልን? የሚል ነው። ሁለተኛውም፦ ቢጠገን የተሠራበትን አገልግሎት በእውነት ይሰጣልን? የሚል ነው። የመጀመሪያውን ብቻ ጠይቆ የሚያበቃ ሰው ብዙ ጊዜ ንፉግ ይሆናል፤ ሁለቱንም የማይጠይቅ ደግሞ አባካኝ ይሆናል። ወጣቶች ሆይ፥ ነገሩ በቀላሉ ይገባችሁ ዘንድ፥ በየመንገዱ የምታዩትን የመኪና የፊት መስተዋት ምሳሌ አድርጌ ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

አስቀድሞ የመስተዋቱን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የመኪና የጎን መስተዋት ብዙውን ጊዜ በእሳት ግሎ በነፋስ በድንገት የቀዘቀዘ ስለ ሆነ፥ የተሰበረ እንደ ሆነ እንደ በረዶ ጠጠር ይበተናል፤ እርሱን ለመጠገን አይቻልም። የፊተኛው መስተዋት ግን ሁለት መስተዋቶች ተጣብቀው የሚሠሩት ነው፤ በመካከላቸውም አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ስስ ፕላስቲክ አለ። ለዚህ ሥራ መንገድ የከፈተው ኤድዋር ቤኔዲክቱስ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1903 አንድ የመስተዋት ብልቃጥ ወድቆ ቢሰነጣጠቅም ሳይበተን ቀረ፤ እርሱም በውስጡ ደርቆ የቀረው ነገር እንደ ቆዳ ሆኖ ስብርባሪውን እንደ ያዘው ተረዳ ይባላል። በ1909ም የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ።

እንግዲህ ጠጠር በፊት መስተዋት ላይ ባረፈ ጊዜ፥ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰነጠቀው የውጪው መስተዋት ብቻ ነው። የሚጠግነው ሠራተኛ በስንጥቁ ውስጥ ያለውን አየር መጥጦ ያወጣና በምትኩ የቀጠነ ሙጫ ያስገባል፤ ሙጫውንም በአልትራቫዮሌት ብርሃን ያደርቀዋል። ጠባሳው ይደበዝዛል እንጂ ፈጽሞ አይጠፋም፤ የጥገናው ዋና ዓላማ ስንጥቁ እንዳይረዝም መግታት ነውና።

ስንጥቅ ስለ ምን ይረዝማል? አላን አርኖልድ ግሪፊዝ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ፥ መስተዋት እንደ ባሕርዩ ጠንካራ ሳይሆን የቀረው በውስጡ ባሉት ጥቃቅን ስንጥቆች ምክንያት መሆኑን በ1921 ባሳተመው ጽሑፍ አስረዳ። ደግሞም ስንጥቁ በረዘመ መጠን፥ ወደ ፊት ለመግፋት የሚበቃው ኃይል እያነሰ እንደሚሄድ አሳየ። ስለዚህ ትናንት ጉድጓድ ያላንቀሳቀሰው ስንጥቅ ዛሬ በበር መዝጋት ይሮጣል። በፀሐይ የጋለ መስተዋት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስም ያስረዝመዋል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ጊዜ ባለፈ ቁጥር ውኃና ትቢያ ወደ ስንጥቁ ይገባሉ፤ ከገቡም በኋላ ሙጫው በደንብ አይዝም።

ረጅም ስንጥቅስ ይጠገናልን? አንዳንዱ ይጠገናል። በአሜሪካ ለዚህ ሥራ የወጣው የሙያ ደንብ እስከ 14 ኢንች፥ ማለት እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚደርሰውን ስንጥቅ መጠገን ይፈቅዳል። ነገር ግን ርዝመት ብቻውን መለኪያ አይደለም፤ ቦታውም ይመረመራል። በብሪታንያ በየዓመቱ በሚደረገው የመኪና ምርመራ፥ በነጂው ዓይን ፊት ለፊት ያለው ጉዳት ከ10 ሚሊ ሜትር ከበለጠ መኪናው አያልፍም፤ መጥረጊያው በሚደርስበት በሌላው ስፍራ ግን እስከ 40 ሚሊ ሜትር ይታለፋል። ሁለቱም መስተዋቶች የተሰነጠቁ እንደ ሆነ፥ ወይም የመካከሉ ፕላስቲክ የተቀደደ እንደ ሆነ ግን መለወጥ ይገባል። የፊት መስተዋት ነፋስ መከልከያ ብቻ አይደለምና። በዛሬዎቹ መኪናዎች ከአካሉ ጋር የተጣበቀ ስለ ሆነ፥ መኪናው ቢገለበጥ ጣራውን ያግዛል፤ በብዙዎቹም በአደጋ ጊዜ የተሳፋሪው የአየር ከረጢት ሲነፋ የሚደገፈው በእርሱ ላይ ነው።

የእኅቴ ልጅ በሚኒባስ ሕዝብ እያመላለሰ የሚኖር ሰው ነው። ኮረኮንች መንገድ ላይ ከፊቱ የሚሄደው የጭነት መኪና ያስፈነጠረው ጠጠር መስተዋቱን መታው፤ ስንጥቁም ከአውራ ጣት አይበልጥም ነበር። «አሠራው እንጂ» ባልሁት ጊዜ፥ «ጋሼ፥ ይኼ እኮ ከሥራ አያስቆምም» አለኝ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስንጥቁ በመሪው ፊት ለፊት አልፎ እስከ ጠርዙ ደረሰ። በዚያን ጊዜ ወደ አንድ ጠጋኝ አብረን ሄድን። ጠጋኙ ጎንበስ ብሎ በእጁ ዳሰሰው፤ ከውስጥም ከውጭም ተመለከተው፤ ከዚያም እንዲህ አለ፦

«ወንድሜ፥ ልሥራልህ ብል ገንዘብህን እወስዳለሁ። ነገር ግን ማታ የመኪና መብራት ሲያርፍበት ጠባሳው ያንጸባርቅብሃል፤ መንገድ የሚሻገረው ሕፃን አይታይህም። ትንሽ ሳለ ብታመጣው እሠራልህ ነበር። አሁን ለውጠው።»

ይህ ሰው የሚጠግን እንጂ መስተዋት የሚሸጥ አልነበረም፤ ከምክሩ አንድ ሳንቲም አላገኘም። የእኅቴ ልጅ ግን የመኪናውን ዕዳ ከፍሎ አልጨረሰም ነበርና ፊቱ ጠቆረ። ከሱቁ ስንወጣ፥ «ጋሼ፥ ሌላ ቦታ በትንሽ ገንዘብ ይሞሉልኛል» አለኝ። እኔም፥ «ከኋላህ ስንት ሰው ትጭናለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «አሥራ አንድ» አለኝ። «እነርሱ ይህን የሰማኸውን ቢሰሙ የትኛውን ይመርጡልህ ነበር?» አልሁት። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻ ከዕቁብ ጓደኞቹ አንዱን ለምኖ ዕጣውን ተቀበለና መስተዋቱን አስለወጠ፤ ማጣበቂያው እስኪጠነክር ድረስም መኪናውን አቆመ። ለአንድ ባለ ዕዳ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ይህን ስነግራችሁ ሁልጊዜ መለወጥ ይሻላል ማለቴ አይደለም። አንድ ጎረቤቴ ከነጂው ዓይን ርቆ በማዕዘን በኩል የአተር ፍሬ የምታህል ጉዳት ብትደርስበት፥ አንድ ነጋዴ «ይህ አይጠገንም» ብሎ አዲስ መስተዋት ሸጠለት። በፋብሪካ በሚገባ ተጣብቆ የኖረው መስተዋት ያለ በቂ ምክንያት ተነቀለ፤ አዲሱም በጥንቃቄ ስላልተጣበቀ በመጀመሪያው ክረምት ውኃ አስገባ። የሚጠገነውን አይጠገንም ማለትና የማይጠገነውን ይጠገናል ማለት አንድ ዓይነት ሐሰት ነው፤ ሁለቱም የሌላውን ሰው አለማወቅ ወደ ገንዘብ የሚለውጡ ናቸውና።

በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ የተቀደዱትን መጻሕፍት በሙጫ እናድስ ነበር። መጽሐፍን በከንቱ መጣል ነውር ነበር። ነገር ግን ገጽ የጠፋበት መጽሐፍ ባገኘን ጊዜ፥ መምህራችን ከሽፋኑ ውስጥ «ገጽ ይጎድለዋል» ብለን እንድንጽፍ ያዝዙን ነበር። ጉድለቱን የሸፈነ እድሳት የሚቀጥለውን ተማሪ ያታልላል ይሉን ነበር። ይህ ትምህርት ለመኪናም ይበቃል፤ በሙጫ የተሞላውን ስንጥቅ እንደ አዲስ አድርጎ የሚሸጥ ሰው የጎደለውን ገጽ የደበቀ ነው።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ ቁጠባን ውደዱ፤ ንፍገትን ግን ቁጠባ ብላችሁ አትጥሩት። ቆጣቢ ሰው ስንጥቁ ትንሽ ሳለ ጥቂት ገንዘብ ያወጣል፤ ንፉግ ግን ያን ጥቂት እየሰሰተ ኖሮ ኋላ ብዙውን ያወጣል፤ ወይም ደግሞ ያላወጣውን ሌላው ሰው በአካሉ ይከፍልለታል። የሚያስፈራው ክፉ ምርጫ መጠገን ወይም መለወጥ አይደለም፤ እያዩ መተው ነው። ነገ ነጂ ወይም ባለ መኪና ስትሆኑ፥ ጠጠር የመታውን መስተዋት በዚያው ቀን አሳዩት። የሚመረምረውንም ሰው «ስንት ትጠይቀኛለህ?» ከማለታችሁ በፊት «ማታ በዚህ መስተዋት መንገዱ ይታየኛልን?» ብላችሁ ጠይቁት፤ እውነቱን የነገራችሁ እንደ ሆነ ዋጋው ቢከብዳችሁም አመስግኑት።