ከለቡ እስከ ጁገል፦ ከተማ ሲሰፋ የቤተሰብ ቀን ሲጠብ

ድሮ ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ መንገደኛ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ለገሐር ይወርድ ነበር። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ለገሐር ከአራዳ ገበያ ራቅ ያለ የከተማ ዳር ነበር። ከተማዋ እየሰፋች አለፈችውና መሀል አደረገችው። የአሁኑ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2010 ዓ.ም. መንገደኛ ማመላለስ ሲጀምር ጣቢያው የተሠራው ለቡ ነው። ለቡም በተራው ዳር ሆኖ አልቆየም፤ ፎቁና አስፋልቱ ተከትሎት ደርሷል።

በዚህ ሳምንት አንባቢዎቻችንን በዚሁ ሐዲድ ይዘን ሦስት ከተሞችን እናያለን፤ አዲስ አበባን፣ ድሬዳዋንና ሐረርን። ጉዞው ከትልቁ ወደ ትንሹ ነው። በየደረስንበት የምናነሣው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ የከተማ ስፋትና አሠራር ከልጆቻችን፣ ከአዛውንቶቻችንና ከውሃችን ጋር ምን አገናኘው?

የአዲስ አበባን መልክ ለመረዳት ወደ አመሠራረቷ መመለስ ያስፈልጋል። በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር አንድ ወጥ ከተማ አልነበረችም። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ አጠገብ ቤት ካሠሩ በኋላ መኳንንቱ በየኮረብታው ቦታ እየተመሩ ሰፈሩ። ጌታው ከላይ፣ አሽከሩና ወታደሩ ዙሪያውን ይሆናል። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ ዘመን ትዝታ ናቸው። በአንዱ ሰፈርና በሌላው መካከል ወንዝ፣ ሸለቆና ሜዳ ነበር። ሀብታምና ድሃ በአንድ ሰፈር ጎን ለጎን የመኖሩ ልማድም ከዚያ የመጣ ነው።

ይህ የተበታተነ አሰፋፈር ገና ከጅምሩ ዋጋ አስከፍሏል። ለማገዶና ለቤት መሥሪያ የሚቆረጠው ዛፍ ከዓመት ዓመት እየራቀ ሄደ። እንጨት ከማለቁ የተነሣ አፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዋና ከተማውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ያቆያት ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ እንጦጦ ላይ የምናየው ደን የዚያ ጭንቀት ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ ወዲህ በሰፈሮቹ መካከል የነበረው ክፍት ቦታ እየተሞላ መጣ። ከእንጦጦ የሚወርዱት ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔና ባንተይቀጡ በቤትና በድርጅት ተከበቡ። የየቤቱ ፍሳሽ ወደ እነሱ ገባ። የከተማዋ ወንዞች በአቃቂ አድርገው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። አባ ሳሙኤል በአገራችን ከመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው፤ ሐይቁ ግን ለብዙ ዘመን የከተማዋን ደለልና ቆሻሻ ተቀባይ ሆኖ ኖሯል። ከላይ የጣልነውን ከታች ያለው ገበሬ በአትክልቱ ይቀበለዋል። አትክልቱ ደግሞ ተመልሶ ገበያችን ይመጣል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የቆሼ ታሪክ ነው። የረጲ ቆሻሻ መጣያ በ1950ዎቹ ሥራ ሲጀምር ከከተማው ውጭ ነበር። ከተማዋ ሄዳ ከበበችው፤ ድሃውም ርካሽ ቦታ ያገኘው እዚያው ክምሩ ሥር ሆነ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎች ሞቱ። በፍጥነት በሚሰፋ ከተማ «ዳር» የሚባል ቋሚ ነገር የለም። ዛሬ ዳር ያልነው ነገ የአንድ ልጅ ደጃፍ ነው።

ባቡሩ ላይ ከጎናችን የተቀመጡት እናት የድሬዳዋ ሰው ናቸው። ልጃቸው በከተማዋ ዳር ከሚገኙት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ ትኖራለች፤ እሷን ጠይቀው መመለሳቸው ነው።

«እማማ፣ ስንት ጊዜ ቆዩ?» አልናቸው።

«ሦስት ሳምንት። ግን እሷን ያየኋት እሁድ እሁድ ነው በሉት። ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥታ ትወጣለች፤ ስትመለስ ልጁ ተኝቷል። ቤቱስ ቤት ነው፣ ተመስገን ነው። የጎደለው ቀን ነው።»

የእኚህ እናት አነጋገር ጉዳዩን ከብዙ ጥናት ይልቅ ይገልጸዋል። በ1990ዎቹ ማብቂያ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ለብዙ ሺህ ቤተሰብ የራሱን መጸዳጃ፣ የራሱን ቧንቧና የራሱን ቁልፍ ሰጥቷል። በአንዲት ጠባብ የቀበሌ ቤት ውስጥ ስድስትና ሰባት ሆኖ የኖረ ሰው ይህን አያቃልለውም። ሆኖም ሰፋፊዎቹ መንደሮች የተሠሩት መሬት በተገኘበት፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በየካ አባዶ ነው። ሥራው፣ ገበያውና ትልልቁ ሆስፒታል ግን በአብዛኛው እንደ ድሮው መሀል ቀርቷል። በ2008 ዓ.ም. የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚዘልቁ ወደ 34 ኪሎ ሜትር የሚሆኑ ሁለት መስመሮች አሉት፤ ካነሣናቸው መንደሮች አንዱም ሐዲዱ ላይ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነባር ሰፈሮች ሲፈርሱም ብዙ ቤተሰብ ዕድሩንና ጎረቤቱን ትቶ ወደ ዳር ሄዷል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ለሚል ሕዝብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ነገሩን በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። ከመሀል እስከ ዳር ያለው ርቀት ሁለት እጥፍ ሲሆን የሚሸፈነው መሬት አራት እጥፍ ይሆናል። ቧንቧ፣ የመብራት መስመር፣ አውቶቡስና የቆሻሻ መኪና ያንን ሁሉ መሬት ማዳረስ አለባቸው። በዚያ መሬት ላይ የሰፈረው ሰው አራት እጥፍ ካልሆነ ለአንድ ቤት የሚወጣው ወጪ ይጨምራል። ልዩነቱን የሚከፍለው ነዋሪው ነው፤ ከፊሉን በታክሲ ሒሳብ፣ ከፊሉን በሰልፍ፣ ከፊሉን ልጁን ሳያይ በሚያሳልፈው ምሽት። ጤፍና ሽንብራ ያበቅል የነበረው የአቃቂ አካባቢ ጥቁር አፈርም በጣሪያና በአስፋልት ሲሸፈን፣ ወደ መሬት ሰርጎ ጉድጓዶቻችንን ይሞላ የነበረው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል።

ባቡሩ አዳማንና መተሐራን አልፎ፣ የአዋሽን ሜዳ ሰንጥቆ ድሬዳዋ ይገባል። ሻንጣ ሲወርድ ሙቀቱ ይቀበላል፤ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ድሬዳዋ የምድር ባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱን ወደ ሐረር ተራራ ማውጣት ከባድ ስለነበረ መሐንዲሶቹ ከታች ሜዳውን መረጡ፤ በ1895 ዓ.ም. ከተማዋ ተቆረቆረች። መጀመሪያ የወጣላት ስም «አዲስ ሐረር» ነበር።

ከተማዋ ሁለት መልክ አላት። ከዚራ በምድር ባቡር ሰዎች ዕቅድ የተሠራ ነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ በዛፍ ጥላ የተሸፈነ። መጋላ ደግሞ ገበያው የፈጠረው ሰፈር ነው፤ መንገዱ ጠባብ፣ ሱቁና ቤቱ የተቀላቀለ፣ የቀፊራ ገበያ የሚደምቅበት። በከዚራ ጥላ ሥር ሽማግሌ በቀትር ይንሸራሸራል። በመጋላ ሁሉ ነገር ደጅ ላይ ስለሆነ ልጅ «ሂድና ሎሚ ግዛ» ተብሎ ይላካል። ሁለቱም አሠራሮች ለሰው እግር የተመቹ ናቸው፤ አንዱ በጥላው፣ ሌላው በቅርበቱ።

በሁለቱ መካከል ደቻቱ አለ። ደቻቱ በአብዛኛው ዓመት የአሸዋ ሜዳ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ከተማዋ ስትበዛ ቤትና ገበያ ወደ አሸዋው እየተጠጋ መጣ። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት፣ ከላይ በደጋው የዘነበ ዝናብ የተራቆተውን ዳገት ተንሸራትቶ በደቻቱ ወረደ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ በእንቅልፍ ላይ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በዳርቻው የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። የድሬ አዛውንቶች ዛሬም ክረምት ሲገባ ዓይናቸው የሚያርፈው ወደ ተራራው ነው። ደረቅ ወንዝ ባዶ መሬት ይምሰል እንጂ የራሱን ቦታ አይረሳም።

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር መንገዱ በደንገጎ ጠመዝማዛ ይወጣል። አየሩ ቀዝቀዝ እያለ ሄዶ ሐረማያ ይደረሳል። የሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ፣ ለአካባቢው ትንንሽ ከተሞችና ለጫት እርሻው ውሃ ሲሰጥ ኖሮ፣ ሁሉም በየፊናው ሲቀዳው፣ ደለሉም ሲሞላው፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ሐይቁ በሚታወቅበት ቦታ ከብት ታየ። በቅርብ ዓመታት ውሃ ተመልሶበታል። ሐረር ግን በችግሩ ወቅት ፊቷን ወደ ታች አዞረች፤ የምትጠጣው ውሃ ከድሬዳዋ አካባቢ ጉድጓዶች በፓምፕ ተገፍቶ ያንን ሁሉ ዳገት የሚወጣ ሆነ። ከተማ ወሰኑ አጥሩ ይመስለዋል፤ ውሃው የሚመጣበት ቦታ ሁሉ ግን የከተማው አካል ነው።

ሐረር ሲደረስ ከግንብ ውጭ ያለው አዲሱ ከተማ በሰፊ መንገዱ ይቀበላል። በሸዋ በር ወደ ጁገል ሲገባ ግን ሌላ ዓለም ነው። ግንቡን ያሠሩት በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነገሡት አሚር ኑር ናቸው። ግንቡ የከበበው መሬት 48 ሄክታር ብቻ ነው። አዲስ አበባ 500 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ናት ብንል፣ አንድ ሺህ ጁገሎች ይገቡባታል። በዚያች ትንሽ መሬት ላይ 368 ቀጫጭን መንገዶችና 82 መስጊዶች አሉ። ዩኔስኮ ጁገልን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ1998 ዓ.ም. ነው።

በጁገል ከዳር እስከ ዳር በእግር መሄድ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ እንኳ አይደለም። ልብስ ሰፊዎቹ በተደረደሩበት፣ በስፌት መኪናው ድምፅ «መኪና ግርግር» በተባለው መንገድ ሲታለፍ፣ ሥራ፣ ገበያና መኖሪያ እንዴት ተጠጋግተው እንደሚኖሩ ይታያል። ቤቶቹ ግንብ ለግንብ ስለተደጋገፉ ግድግዳቸው ፀሐይ ብዙ አይመታውም፤ ጠባቡ መንገድም ጥላ ነው። መንገዱ ለመኪና ስለማይበቃ ልጅ ይሮጥበታል፤ አያት ደጁ ላይ ተቀምጦ ያየዋል። አፎቻ የሚሉት ማኅበራቸው፣ እንደ እኛ ዕድር በሐዘንና በደስታ የሚያገናኘው፣ በዚህ ቅርበት ላይ የቆመ ነው። ግንቡ ሥር ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ተተውለታል፤ ማታ እየገባ የተጣለውን ሥጋና አጥንት ያጸዳ ነበር። ከተማው ከዱር አራዊት ጋር እንኳ የሥራ ክፍፍል ነበረው።

ይህን ስንል ሁላችንም በግንብ ታጥረን እንኑር ማለታችን አይደለም። ጁገልም ችግር አለበት። ጠባቡ መንገድ የቆሻሻና የእሳት አደጋ መኪና አያስገባም፤ ፍሳሽ ማስወገጃ ማስገባትም አስቸጋሪ ነው። የተጠጋጋ ከተማ ውሃና ንጽሕና ከሌለው በሽታም ይጠጋጋል። መሬት ያጣ ቤተሰብም ወጥቶ ከግንቡ ውጭ መሥራቱ ያለ ነገር ነው።

ሦስቱን ከተሞች ጎን ለጎን ስናያቸው ግን አንድ ነገር ይገባናል። ከተማ ትልቅ መሆኑ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ትልቁ ከተማ ሁሉንም ነገር በአንድ መሀል አስቀምጦ ሰውን ወደ ዳር ሲያወጣ ነው። ትልቅ ከተማ ከብዙ ትንንሽ ጁገሎች ሊሠራ ይችላል፤ እያንዳንዱ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ጉልቱና የሥራ ቦታው በእግር የሚደረስ፣ በመካከላቸውም ወንዙ በዳርቻው ዛፍ ይዞ የሚያልፍ። የአዲስ አበባ የጥንት ሰፈሮችና በመካከላቸው የነበሩት ሸለቆዎች ለዚህ የተመቹ ነበሩ። ለሰፈር የተመቸ መሬት አሁንም ከእግራችን ሥር አለ።

ታዲያ እኛ ወላጆችና አያቶች ምን እናድርግ? የከተማ ዕቅድ የሚወጣው በጽሕፈት ቤት ቢሆንም ቤት የሚመረጠው በቤተሰብ ምክር ነው። ልጆቻችን ቤት ሊገዙ ወይም ሊከራዩ ሲያማክሩን ስለ ካሬውና ስለ ሳሎኑ ብቻ አንጠይቅ። ከዚያ ቤት እስከ ሥራ ስንት ሰዓት ነው? ሕፃኑ ትምህርት ቤት በእግሩ ይደርሳል? ክረምት የሚወርደው ውሃ በየት ያልፋል፤ ከአጠገቡ ያለውስ «ደረቅ ወንዝ» ነው ወይ? ቆሻሻው የት ይጣላል? የወረዳ ስብሰባ ሲጠራም ስለ አስፋልት ብቻ ተነጋግረን አንውጣ። የወንዝ ዳር እንዳይታጠር፣ ከኮንዶሚኒየሙ ምድር ቤት ሱቅና መዋዕለ ሕፃናት እንዲኖር፣ በየብሎኩ መካከል ጥላና መቀመጫ እንዲሠራ እናንሣ።

ለቤቱ አሥር ካሬ መጨመር ገንዘብ ይጠይቃል፤ ገንዘብ ደግሞ ውሎ አድሮ ይገኛል። ከመንገድ ላይ የተረፈች አንዲት ሰዓት ግን ለሕፃኑ ራት፣ ለአያት ጨዋታ፣ ለጎረቤት ቡና ትበቃለች። ልጆቻችን ቤት ሲመርጡ ይህችን ሰዓት ከዋጋው ጋር ይደምሯት።