በስንት ሰዓት?

መጀመሪያ ያየኋት በ2009 ዓ.ም. በበጋ ነው፤ የአርሲዋ ሁሩታ ገበያ የዋለበት ቀን። እኔ በአካባቢው ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበርኩ። እሷ አዲስ አበባ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ የምትማር ሐኪም ነበረች፤ ለመመረቂያ ጥናቷ ነበር የመጣችው። ስሟ እንዲነሳ ስለማትወድ «ዶክተር» እያልኩ ልቀጥል። ያኔም የምጠራት እንደዚያው ነበር።

ከጋሪ ላይ አንድ ጎልማሳ እያወረድን ነበር። ስንዴ የጫነ አይሱዙ ተገልብጦ ጭኑ ተሰብሯል። ዶክተር ቦርሳዋን ጥላ መጣች፤ እግሩን በካርቶንና በፋሻ አብረን አሰርን፣ ጉሉኮስ ሰቀልን። ወደ አሰላ የሚወስደውን መኪና ስንጠብቅ ደብተር አወጣችና ወደ ባለጋሪው ዞረች።

«የኔ ወንድም፣ መኪናው የተገለበጠው በስንት ሰዓት ነው?»

«ኧረ እኔ ምን አውቄ! ከብት ከተሰማራ በኋላ ነው።»

«ጋሪው ላይ የጫናችሁትስ?»

ተናደድኩ። ሰው እያቃሰተ ሰዓት ይጠየቃል? ፊቴን አይታ ምንም አላለችኝም።

ሁለት ሳምንት ካርድ ክፍሉ አጠገብ ካለው አግዳሚ አልተነሳችም። አስታማሚ በመጣ ቁጥር ያው ጥያቄ ነው። ኦሮምኛ ስለማትችል አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። በደቂቃ የሚመልስላት ሰው ግን አልተገኘም። አንዱ «ገልገላ» ይላል፣ ምሽት ላይ ማለቱ ነው። አንዷ «ቅዳሴ ሲወጣ»፣ ሌላው «የመግሪብ አዛን ሲል»፣ ሌላው «የአዳማው መኪና ሳይወጣ»። ሌላ ሰው ቢሆን «ሰዓት አይታወቅም» ብሎ ያልፈው ነበር። እሷ በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ሰዓቷን አስራ ወጣች፤ ቤተ ክርስቲያኑ በር፣ መስጊዱ ደጅ፣ መናኸሪያው ቆማ መዘገበች። አዛን ከቀን ቀን ትንሽ ትንሽ እንደሚንቀሳቀስ የነገሯት ሙአዚኑ ናቸው። ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱን ቀን ለብቻው ጻፈች። ያቺን ደብተር ባስታወስኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። የገበሬውን ንግግር ስህተት ብላ አልጣለችውም፤ በዚያው ልክ ሰዓት ፈለገችለት።

የሰዓት አቆጣጠሩም ሌላ ፈተና ነበር። አንዱ መዝገብ በእኛ ሰዓት፣ የሪፈር ወረቀቱ በፈረንጅ ይጻፋል። የተጎዳው ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ የደረሰው በፈረንጅ 3 ሰዓት ከተባለ፣ በወረቀት ላይ ሰውየው ከመጎዳቱ አምስት ሰዓት ቀድሞ ታክሟል።

አንድ ቀን ቡና ስንጠጣ «ዶክተር፣ ይሄ ሰዓት ምን ያደርግልሻል?» አልኳት።

ታዲየስና ሜይን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1994 እ.ኤ.አ. ስለ እናቶች ሞት የጻፉትን ነገረችኝ። መዘግየት ሦስት ነው፦ ከቤት ለመውጣት እስኪወሰን፣ መንገድ ላይ፣ ከደረሱ በኋላ ደግሞ ሕክምና እስኪያገኙ። «እነሱ የጻፉት ስለ ወላድ ነው፤ ጋሪ ላይ ላለው ሰውም ይሠራል። ሦስቱን ካልለየሽ ‹አምቡላንስ ይገዛ› ትያለሽ፤ ሰዓቱ የጠፋው ግን ካርድ ክፍል ይሆናል።»

የዚያን ምሽት ተረኛ ነበርኩ። የራሴን የድሮ መዝገብ አወጣሁ። ደም ፈስሷት ያረፈች አንዲት እናት ነበረች፤ ፊቷን፣ ዝናቡን፣ የባሏን እርጥብ ጋቢ አስታውሳለሁ። የገባችበት ሰዓት የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። ጽሑፉ የኔ ነው። ስንት ሰዓት እንደቆየች፣ የት እንደዘገየች አሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም። ጠዋት ለዶክተር አሳየኋት። «ከዛሬ ጀምሪ» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም።

የዶክተር ሙያ ራሱ ለእኛ አዲስ ነበር። አሜሪካ ሲንሲናቲ ላይ የመጀመሪያው የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው በ1970 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጀመረው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው፤ አርባ ዓመት ዘግይቶ። እንደ ዶክተር አክሊሉ አዛዥ ለድንገተኛ ሕክምና ክፍሉ መቋቋም የደከሙ ሰዎች ባይኖሩ የኔዋ ዶክተርም ሁሩታ ባልመጣች ነበር። ኋላ በጳውሎስ ሆስፒታል ሥር የተከፈተው የቃጠሎ፣ የድንገተኛና የአደጋ ሆስፒታል «አቤት» መባሉን ስሰማ ስሙን ወደድኩት። የተጠራ ሰው የሚመልሰው አይደል!

ዶክተር ከዚያ ወዲህ በጥናቱ ገፋችበት፤ ዛሬ ሌሎችን ታስተምራለች። ስንደዋወል ከጤናዬ ቀጥላ የምትጠይቀኝ ስለ መዝገቡ ነው። ባዶ ቦታ የለውም።

እናንተም በሽተኛ ይዛችሁ ስትወጡ ሰዓት እዩ፤ ስልክ በእጃችሁ አለ። ሕመሙ የጀመረበትን፣ ከቤት የወጣችሁበትን፣ በሩ ላይ የደረሳችሁበትን ያዙ። ነርሷ «በስንት ሰዓት?» ስትላችሁ አትቆጧት፤ ንገሯት።