ማን ሠራው?

የስታኞ ጢስ በሸተተኝ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የሰን ሆዜው ቤተ ሙከራ አይደለም፤ እናቴ ዓርብ ማታ የምታጨሰው ዕጣን ነው። ናፍቆት ብቻውን ያመጣው እንዳይመስላችሁ። በስታኞው ሽቦ ሆድ ውስጥ ያለው፣ የሚበየደውን ብረት የሚያጠራው ነገር ከጥድ ሙጫ የሚሠራ ነው፤ ዕጣንስ ቢሆን የዛፍ ሙጫ አይደል? የጋለው ጫፍ ሲነካው ሽው ብሎ የሚወጣው ነጭ ጢስ እናቴ ቤት አድርሶ ይመልሰኝ ነበር። ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ክፍሉ ውስጥ ካለነው ተማሪዎች ሴቶቹ ሦስት ነን፤ ሐበሻ እኔ ብቻ።

ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ የገባሁት ዲቪ ደርሶኝ በ1996 ነው። (ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ የጎልማሳነት ዕድሜዬ በእነሱ ቁጥር ስለሄደ።) አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ፊዚክስ ተምሬያለሁ፤ ሲሸኙኝ ዘመዶቼ ሁሉ «አንቺማ የተማርሽ ነሽ፣ ምን ይቸግርሻል» ብለው ነበር። ቀን ቀን ሌኒ ኮሌጅ እማራለሁ፣ ማታ ማታ መኪና ማቆሚያ በር ላይ ባለች ጠባብ የመስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጬ ሒሳብ እቀበላለሁ። ሰን ሆዜ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ስዛወር ደግሞ መንገዱ ራሱ ሌላ ትምህርት ሆነብኝ። ባርት የሚባለው ባቡር ያን ጊዜ ፍሪሞንት ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወርዶ 180 ቁጥር አውቶቡስ መያዝ ነው። በመስኮቱ የሚታዩት የቺፕ ኩባንያዎች ሕንፃዎች ዝቅ ያሉ፣ ጠፍጣፋ፣ መስኮታቸው ጥቁር። ውስጣቸው ምን እንዳለ የማላውቀውን በር ሁሉ በዓይኔ አንኳኩቼ አልፋለሁ።

የመጀመሪያው በር ለሥራ ቃለ መጠይቅ የተከፈተልኝ በ1999 ነበር። የመመረቂያ ሥራዬ አንድ ቺፕ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ሥራውን ሳያዛባ መሥራቱን የሚፈትሽ ፕሮግራም ነው። በቡድኑ አራት ነን፤ ፕሮግራሙን ግን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሦስት ሌሊት ጨርሶ አልተኛሁም። ጠያቂው ሰውዬ ወረቀቴን ገልጦ፣ ደስ ብሎት፣ «ይህን ማን ሠራው?» አለኝ።

«እኛ ሠራነው» አልኩት።

«የአንቺ ድርሻ የቱ ነው?»

«ሁላችንም ተጋግዘን ነው።»

ሰውዬው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ያ እስክሪብቶ ሲቀመጥ ያሰማው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ሥራውን አላገኘሁም።

ዋሽቼ አልነበረም፤ ፈርቼም አልነበረም። እናቴ «ሰው ያመስግንሽ እንጂ ራስሽን አታመስግኚ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ዝም አይነቅዝም በሚባልበት ቤት ያደገች ልጅ፣ በማታውቀው ሰው ፊት «እኔ» ማለት እንደ መራቆት ይሆንባታል። ይሉኝታ የሚሉት ነገር አገር ቤት ልብስ ነው፤ እዚያ ወንበር ላይ ግን አፌን የሚያስር ገመድ ሆነብኝ።

ይህን ያወራሁላቸው ሁላችንም እትዬ ብቻ እያልን የምንጠራቸው ሴት ናቸው። ኬሚስትሪ የተማሩ፣ በደርግ ዘመን በሱዳን በኩል ወጥተው፣ ገዳሪፍ ከርመው ኦክላንድ የደረሱ። ሌሊት ሌሊት ሰን ሆዜ አካባቢ ቺፕ ፋብሪካ ውስጥ፣ ከዓይን በቀር ሁለንተናን የሚሸፍን ነጭ ልብስ ለብሰው ይሠራሉ። አንዲት ብናኝ ወይም አንዲት ፀጉር ብትወድቅ ያ ሁሉ ሥራ ይበላሻልና። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቴሌግራፍ ጎዳና አጠገብ ያለችው አፓርትማቸው ውስጥ ቡና እየቆሉ ነበር የሰሙኝ። መቁያውን ከእሳቱ ላይ አወረዱና «እቴ! ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማሽም?» አሉኝ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ ዝም ብዬ አሥር ዓመት ሠራሁ። ሹመቱ ሥራውን ያስተማርኳቸው ልጆች ጋ ሄደ» አሉ። ቁጣም አልነበረበትም። መቁያውን መለሱና ቡናውን ማመስ ቀጠሉ።

በሚቀጥለው እሑድ አምስት ሆነን ተሰበሰብን። አንዷ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ደም የምትመረምር፣ አንዷ የመንገድና የድልድይ መሐንዲስ፣ አንዷ ፕሮግራም የምትጽፍ የጎጃም ልጅ፣ እትዬ እና እኔ። ስም አላወጣንለትም፤ ስብሰባ ብለንም አልጠራነውም። አንዷ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ አራታችን እንጠይቃታለን። «እኛ» ባለች ቁጥር እትዬ ስኒያቸውን በማንኪያ ይመቷታል። ቃ! «ማን ሠራው?» እንደገና። ቃ! «ማን ሠራው?»

እንግሊዝኛውን ቶሎ ለመድነው። የተውሶ ልብስ ለብሶ መጀነን ይቀላል መሰለኝ። እትዬ ግን በዚህ አልረኩም፤ «በአማርኛ ካላላችሁት ሆዳችሁ አላመነበትም» ብለው በገዛ ቋንቋችን ያስደግሙን ጀመር። ልብ ብላችሁ እዩት፤ «ሠራነው» እና «ሠራሁት» መካከል ያለው ልዩነት እፍኝ አይሞላም። በእኔ አፍ ግን ተራራ ነበር። «ፕሮግራሙን እኔ ሠራሁት» ያልኩ ቀን እንባዬ መጣ። ማንም አልሳቀም። ሁለተኛው ቡና ተቀዳ፤ የመሐንዲሷ ተራ ሆነ።

ሥራ ያገኘሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ያውም በችሎታዬ ብቻ አልነበረም። የጎጃሟ ልጅ የትምህርትና የሥራ ታሪኬን የያዘውን ወረቀት በፖስታ ሳይሆን በእጇ ወስዳ ለአለቃዋ ሰጠች፤ «ይቺን ልጅ አውቃታለሁ» አለች። የኔን ስም፣ እኔ በሌለሁበት ክፍል ውስጥ። እስከዚያች ቀን ድረስ ወንዶቹ ምሳ ላይ፣ ኳስ ሜዳ ላይ ይህንኑ እርስ በርሳቸው ሲያደርጉ እንደኖሩ አልገባኝም ነበር።

እቁብም ጣልን፣ በወር መቶ መቶ ዶላር። ዳኛዋ እትዬ ናቸው። ዕጣ ግን አናወጣም፤ ፈተና የደረሰባት፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ያፈጠጠባት ትወስዳለች። መሐንዲሷ የፈቃድ ፈተናዋን የተቀመጠችው በዚያ ገንዘብ ነው።

በ2000 ጸደይ፣ መሥሪያ ቤቴ ያለች ጠና ያለች አሜሪካዊት መሐንዲስ ለልጃገረዶች የሳይንስ ቀን እንዳግዛት ሚልስ ኮሌጅ ወሰደችኝ። ያኔ እዚያው ኦክላንድ ውስጥ ያለ የሴቶች ኮሌጅ ነበር። ከመኪና ስወርድ እግሬ ተያዘ። ባሕር ዛፍ! ረጃጅም ባሕር ዛፎች ግራና ቀኝ፣ ዝናብ ነክቷቸው፣ ያ ሽታ። የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚዎች፣ የልጅነት ጉንፋኔን ያሻሩኝ የቅጠል እንፋሎት፣ የክረምት ማለዳ፣ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ። «ምነው፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት!

ታሪኩን የነገረችኝ በዚያ ዛፍ ሥር እየሄድን ነው። በ1970ዎቹ ሌኖር ብለም የተባለች የሒሳብ ሊቅ ሚልስ ውስጥ የሒሳብና የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል አቋቋመች። ናንሲ ክራይንበርግ ደግሞ በርክሌይ፣ ሎውረንስ ሆል ኦፍ ሳይንስ ውስጥ ትሠራ ነበር። እነሱና መሰሎቻቸው የአካባቢው ሴት መምህራንና ሳይንቲስቶች ተጠራርተው አንድ የሒሳብና የሳይንስ ሴቶች ትስስር ፈጠሩ፤ በ1976 እዚያው ሚልስ ውስጥ ለልጃገረዶች የመጀመሪያውን ጉባኤ አደረጉ። ስሙን ወደኛ ብንመልሰው «አድማስሽን ማስፋት» ይሆናል። ከዚያ በየክፍለ አገሩ ተዛመተ። በ1990 ኮሌጁ ወንዶችን ሊቀበል ሲወስንም ተማሪዎቹ ሁለት ሳምንት ያህል አድመው ውሳኔውን አስቀለበሱት። እኔ ስሰማ የነበረው ግን የእትዬን ማንኪያ ነው። እነዚህም ሴቶች ጠረጴዛ ዙሪያ ነው የጀመሩት፤ ልዩነቱ እነሱ የራሳቸውን ልጆች ብቻ ሳይሆን የማያውቋቸውን ልጆች መጥራታቸው ነው። እኛ አምስት ሆነን በራችንን ዘግተን ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ከፈትነው፤ በዓመቱ አሥራ አራት ሆንን፣ የኤርትራ ልጆችም መጡ።

አሁን ልነግራችሁ የምፈልገው ግን ደስ የሚለውን አይደለም።

በ2001 የኢንተርኔቱ ንግድ ሲፈርስ ከሰን ሆዜ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ ሰው በየቀኑ ዕቃውን በካርቶን ይዞ ይወጣ ነበር። የ880 መንገድ እንኳ ጠዋት ጠዋት ቀለል አለ። የጎጃሟ ልጅ በመከር ሥራዋን አጣች። አንድ እሑድ ቀረች። ሁለተኛም ቀረች። «ሥራ ፍለጋ ይዟት ይሆናል» አልን። ሦስተኛው ላይ ነገሩን ሁላችንም ገምተነው ነበር፤ ግን «ገመናዋን አንክፈትባት፣ ራሷ ስትፈልግ ትመጣለች» ተባባልን። ያንኑ ይሉኝታ፣ በማንኪያ ከአፋችን ያስወጣነውን፣ በጓሮ በር አስገባነው።

በአራተኛው ወር አንዲት ጎረቤቷ ፖስታ አመጣችልኝ። ውስጡ አምስት ባለ ሃያ ዶላር አለ፣ የእቁቧ። ደብዳቤ የለውም። ፖስታው ላይ በአማርኛ ስሜን ብቻ ጽፋለች፤ ያ ክብ ክብ ፊደሏ። ስደውል ስልኩ ተቆርጧል። ቆይቶ የሰማሁት ሌላ ክፍለ አገር ዘመድ ጋ መሄዷንና ከዚያ በኋላ ፕሮግራም የሚባል ነገር አለመንካቷን ነው። ከመካከላችን ጎበዟ እሷ ነበረች። እኔን በእጇ ይዛ ያስገባችኝ እሷ ነበረች። እኔ ግን፣ ቤቷ በአውቶቡስ ሃያ ደቂቃ ሆኖ፣ ሄጄ አላንኳኳሁም።

ፖስታውን ዛሬም አልጣልኩትም።

እድር እኮ ቀሪ ይጽፋል። አያቶቻችን የቀረውን ሰው ስም የሚጽፉት ለቅጣት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እንዳይጠፋባቸው ነው። እኛ አሥራ አራት የተማርን ሴቶች ይህን ረሳን። ከዚያ ወዲህ ሕጋችን አንድ ብቻ ነው፤ እሑድ የቀረች ሴት ማክሰኞ ይደወልላታል፣ ካላነሳች ሐሙስ ቤቷ ይኬዳል። ደህና ብትሆን ቡና ጠጥተን እንመለሳለን።

ዓመታት አለፉ። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ ሁለት ወጣቶች፣ ትምኒት ገብሩና ረድኤት አበበ፣ በ2017 ጥቁር የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪዎችን የሚያሰባስብ ማኅበር መመሥረታቸውን በሰማን እሑድ ቤቱ እልል አለ። ትምኒት ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ባርሴሎና በተደረገ ጉባኤ ላይ በሺዎች በሚቆጠር ሰው መካከል ጥቁሮቹን ብትቆጥር በጣት የሚቆጠሩ ሆነው አገኘቻቸው። እትዬ ይህን ሲሰሙ «ቆጠረች? ጎበዝ። ሰው የሚሰበሰበው መጀመሪያ ሲቆጠር ነው» አሉ።

ሚልስ ኮሌጅ በ2022 ኖርዝኢስተርን ከሚባል ዩኒቨርሲቲ ጋር ተዋህዷል። ባሕር ዛፎቹ አሉ። ባቡሩም ሰኔ 2020 ላይ፣ ወረርሽኙ ከተማውን ባዶ ባደረገበት ሰሞን፣ ሰን ሆዜ ቤሪዬሳ ደረሰ፤ የዛሬ ልጆች ከዚያ ተሳፍረው ሳይወርዱ ሳይቀይሩ ማክአርተር ጣቢያ ይደርሳሉ። እትዬ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ ጆሯቸው ደከም ብሏል፤ ማንኪያዋን ግን ለማንም አላወረሱም።

እህቴ፣ ይህን የምታነቢው በሚመጣው ሳምንት ቃለ መጠይቅ ያለብሽ ከሆንሽ፣ ወይም ከሥራ ወጥተሽ ለማንም ሳትነግሪ የተቀመጥሽ ከሆንሽ፣ ነይ። የወሩ የመጨረሻ እሑድ ነው፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ከማክአርተር ጣቢያ በእግር አሥር ደቂቃ። አንድ ጊዜ መጥተሽ ከቀረሽ ማክሰኞ ስልክሽ ይጮኻል።