ብሩ ሟሟ እንጂ መቼ ጠፋ?

ጠገራ ብርን የማያውቅ የአማኑኤል ልጅ አይገኝም ለማለት እንደፍራለን። ገንዘብነቱ ቀርቶ ስንት ዘመን ቢሆነውም፣ ዛሬም በአያቶቻችን ሣጥን ጥግ ተቋጥሮ ይገኛል። ከድሮው የአንገት መስቀልና ጉትቻም ብዙው አንጥረኛ ያቀለጠው ጠገራ ብር ነው።

እኛ ዕጩ መምህራን ይህን ብር ለኬሚስትሪ ትምህርት ልንገለገልበት እንችላለን። በላዩ የተቀረጸው 1780 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተመታውም ይህንኑ ዓመት እንደያዘ ነው የወጣው። ክብደቱ 28.07 ግራም ያህል ሲሆን፣ 23.39 ግራሙ ብር፣ የተረፈው መዳብ ነው። ማቅለጥ ብቻውን ሁለቱን አይለያቸውም። ናይትሪክ አሲድ ግን ሁለቱንም ያሟሟቸዋል፤ ፈሳሹም በመዳቡ የተነሣ ሰማያዊ ይሆናል። ያየ ሰው «በቃ፣ ብሩ ጠፋ!» ይል ይሆናል። የት ይጠፋል? ኤሌክትሮኑን ተነጥቆ በፈሳሹ ውስጥ ተበተነ እንጂ።

አሁን ንጹሕ የመዳብ ቁራጭ ይግባበት። መዳብ ከብር ይልቅ ኤሌክትሮን ለመስጠት ይቸኩላል። ሰጪው መዳብ ኦክሲዴሽን ደርሶበት ይሟሟል፤ ተቀባዩ ብር በሪዳክሽን ግራጫ ዱቄት ሆኖ ይዘቅጣል። አንድ የመዳብ አቶም ሁለት ኤሌክትሮን ሲሰጥ፣ አንድ የብር አቶም የሚፈልገው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ መዳብ ሁለት ብር ያስወጣል። ብናሰላው ለ23.39 ግራም ብር 6.9 ግራም ያህል መዳብ ይበቃል።

የቀረው ሰማያዊ ውኃስ? እሱም ባለዕዳ ነው፤ የጠገራውንም የቁራጩንም መዳብ ይዟል። ትርፍ አሲድ ከሌለበት፣ ብረት ሲገባበት መዳቡ በተራው ቀይ ሆኖ ይወጣል።

ይህን ሁሉ በወረቀት ሠራነው እንጂ አሲዱን አልነካንም። ቡናማው ጭሱ ሳንባ የሚጎዳ ስለሆነ ለክፍል የሚሆን አይደለም።

ስለ አንጥረኛው ግን ሳንናገር አናልፍም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ስድቡ ግን ከልጆቹ ጋር ትምህርት ቤት ድረስ ይመጣል። ነገ በምናስተምርበት ክፍል የአንጥረኛ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ከኋላ ቢቀመጥ፣ ትምህርቱን ከአባቱ ሥራ ብንጀምርለትስ?

ለዚያ ቀን ጥቂት ኮፐር ሰልፌትና በአሸዋ ወረቀት የተፈተገ ሚስማር ይበቃናል። ሚስማሩ ሲቀላ ልጆቹ ራሳቸው ይዩት። ፈሳሹ ግን ሰማያዊነቱ እስኪለቅ ብረት ይጨመርበት፤ እንዲያው ወደ ወንዝ ብንደፋው መዳቡን ለዓሣውና ለከብቱ ማጠጣታችን ነው።