‹‹ትቆማለች ወይ?››

እኛ ለጥቂት ደህና ነን። ‹‹ለጥቂት›› ያልነው ለቀልድ አይደለም፤ የዛሬው ጨዋታችን ስለዚያች ጥቂት ነው።

‹‹እኛ›› ስንል ደግሞ እንደ ጋዜጣ ርዕሰ አንቀጽ ራሳችንን ያገዘፍን እንዳይመስላችሁ። በቁጥርም ሁለት ነን፤ እህትና ወንድም። አንዷ በጋዜጠኝነት ተመርቃ ቡና ቤት የምታስተናግድ፣ ሌላው ቀን ተማሪ ማታ የፓርኪንግ ሠራተኛ። የምንኖረው ከእናታችን ጋር አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ግዛት፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ነው። በጋራ ያለን ሀብት አንድ ብቻ ነው፤ ከሰው እጅ የገዛናት የ2007 ስሪት (እንደ ፈረንጆቹ) ሆንዳ ሻዶው ኤሮ 750 ሞተር ሳይክል።

ይህች ሞተር ክሩዘር ከሚባሉት ወገን ናት። ክሩዘር ማለት መቀመጫው ዝቅ፣ መሪው ሰፋ ያለ፣ እግር ወደ ፊት ዘርግተው እንደ ሶፋ ተደላድለው የሚነዱት ሞተር ነው። የእኛዋ ከነነዳጇ 250 ኪሎ ግራም ገደማ ትመዝናለች። ከፊት አንድ ዲስክ ፍሬን አላት፤ የኋላው እንደ ድሮ መኪና የታምቡር ፍሬን ነው። ታዲያ ያያት ሁሉ የሚጠይቀን አንድ ጥያቄ ነው፤ ‹‹ስንት ትሮጣለች?››

እናታችን ብቻ ሌላ ጠየቀች። ሞተሯን ይዘን የመጣን ቀን ነጠላዋን ደርባ በር ላይ ቆማ አየቻት፣ አየቻትና ‹‹ትቆማለች ወይ?›› አለች።

ሳቅን። ‹‹እማዬ ደግሞ! ፍሬን የሌለው ሞተር ይሸጣል እንዴ?››

‹‹ፍሬን አላት ወይ መች አልኩ? ትቆማለች ወይ ነው ያልኩት›› ብላን ገባች።

እኛ ግን ሐሳባችን ሌላ ነበር። የቆጠብናት 800 ዶላር ነበረችን፤ የታሰበችውም ለአዲስ ማርሚታ ነው። ያ ሲነሳ ሰፈር የሚያናውጠው ዓይነት! ከተረፈን ደግሞ የሚያብለጨልጭ መስታወት እንጨምርባታለን። እውነቱን እንናገር ካልን ክሩዘር የሚገዛ ሰው ግማሹ የሚገዛው ድምፅና መልክ ነው። እኛም ከዚያው ግማሽ ነበርን።

አንድ የጥቅምት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት እየተመለስን ነው። መንገዱ ደረቅ፣ ፀሐዩ ከጀርባችን፣ ፍጥነታችንም የሚያስወቅስ አልነበረም። ከፊት ለፊት የምትመጣ መኪና በድንገት ወደ ግራ ታጥፋ መንገዳችንን ዘጋችው። ነጂያችን የፊቱን ፍሬን ጨበጠ። እጀታው እንደ ሰፍነግ ለስልሶ መሪው ድረስ ገባ፤ ሞተሯ ግን መሄዷን አልተወችም። ከዚያ በደመ ነፍስ የኋላውን ፍሬን በእግሩ ረገጠው። የኋላው ጎማ ተቆለፈ፣ ጮኸ፣ ወደ ጎን ሸርተት አለ። ከመኪናዋ በር ግማሽ ሜትር ሲቀረን ቆምን። ከኋላ የተቀመጠችው እህት የወንድሟን ጃኬት ጨምድዳ ይዛ ስለነበር ጣቶቿን ለመዘርጋት ጊዜ ፈጀባት።

ሾፌሯ አሮጊት ናቸው። መስኮት ዝቅ አድርገው እየተንቀጠቀጡ ‹‹አላየኋችሁም!›› አሉን። እኛም ምንም አላልናቸውም፤ ጥፋቱ የእሳቸው ቢሆንም ያልቆምነው ግን እኛ ነን። የመንገድ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለን ለረጅም ጊዜ አልተነጋገርንም። ቤት ስንደርስ ደግሞ ለእማዬ አልነገርናትም።

ያን ሌሊት ጋዜጠኛዋ እንቅልፍ እምቢ ሲላት የተማረችውን ሙያ ለራሷ ተጠቀመችበት፤ ንባብ ጀመረች። ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ፣ በአጥኚው ስም ‹‹ኸርት ሪፖርት›› እየተባለ የሚጠራ ጥናት ነው። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 የሞተር ሳይክል አደጋዎችን ቦታው ድረስ እየሄዱ መርምረዋል። መኪና ከሞተር ጋር ሲጋጭ በብዛት ጥፋቱ የመኪናው ነው፤ ወደ ግራ ሲታጠፍ የሞተረኛውን ቅድሚያ ይነጥቃል። ሞተረኛው ከአደጋው ለማምለጥ ያለው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሰከንድ ያነሰ ነው። በዚያች ቅጽበት ብዙዎች የኋላውን ፍሬን አለቅጥ ረግጠው ይንሸራተታሉ፤ የፊቱን ግን በሚገባ አይጠቀሙበትም። ለካ የእኛ ቅዳሜ ሳንወለድ በፊት ተጽፎ ነበር!

በማግስቱ ሞተሯን እየገፋን ጎረቤታችን ጋሼ ዘንድ ሄድን። ጋሼ ወደዚህ አገር ሳይመጡ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ በነበሩ ጋራዦች ለዓመታት ሠርተዋል። ሞተሩን አስነሱት እንኳ አላሉንም። መጀመሪያ የፍሬኑን እጀታ ጨበጡና ፊታቸውን አጨማደዱ። ቀጥለው የፍሬን ዘይቱን ማጠራቀሚያ ክዳን ከፈቱ። ‹‹አዲስ ሲሆን እንደ ጠጅ ነው፤ ይህ ግን አቦል ቡና ሆኗል›› አሉ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። እርጥበት የገባበት ዘይት ሲግል ቶሎ ይፈላል፣ እንፋሎት ይፈጥራል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጨብጡት ይጨመቃል እንጂ ፍሬኑን አይገፋም። ለዚህ ነው በየሁለት ዓመቱ ገደማ ዘይቱ የሚቀየረው። የጎማ ቱቦውም ከሞተሯ ጋር አብሮ ያረጀ ነበር። ሲጨብጡት ቱቦው ራሱ ያብጣል፤ የእጃችን ጉልበት ሸራው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል።

ከዚያ ጎንበስ ብለው ጎማውን አዩ። ሻጩ ‹‹ጎማው ገና አዲስ ነው›› ብሎን ነበር፤ ጥርሱም እውነትም ያልተበላ ነው። ጋሼ ግን ጥርሱን ትተው በጎኑ ላይ የታተመውን ጽሑፍ በጣታቸው እየዳሰሱ ‹‹አንቺ የተማርሽው፣ ይህን አንብቢልኝ›› አሉ። ‹‹2211›› ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። ጎማው የተሠራው በ2011 በ22ኛው ሳምንት ነው! ጎማ ባይነዳም ያረጃል፤ ይደርቃል፤ አስፋልት መቆንጠጡን ይተዋል። ብዙ አምራቾች ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ ይመርመር፣ ከአሥር ዓመት በላይ ግን አይቆይ ይላሉ። ‹‹ፍሬን ጎማውን ነው የሚይዘው፤ እናንተን የሚያቆማችሁ ጎማው ነው። መሬት የሚነካው ደግሞ መዳፍ የምታህል ቦታ ናት›› አሉን።

በመጨረሻ መሪውን ይዘው የሞተሯን ፊት ወደ ታች ተጫኑት። ዘጭ አለ፤ ተመልሶም ዥዋዥዌ ተጫወተ። ሞላው ደክሟል። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይመጣል፤ ዋናውን የማቆም ሥራ የፊቱ ጎማ የሚሠራውም ለዚህ ነው። ሞላው ግን ያን ክብደት መሸከም አቅቶት መጨረሻው ድረስ ይሰምጣል። ከዚያ በኋላ ኮረኮንች ቢያጋጥም ጎማው ይዘላል እንጂ መንገዱን አይከተልም።

‹‹ማርሚታ ልንገዛ ነበር›› አልናቸው፤ እንደ ንስሐ።

‹‹ማርሚታማ መምጣታችሁን ያሰማል። እናታችሁ የምትፈልገው መመለሳችሁን ነው።››

ከዚህ በኋላ የ800 ዶላሩ ዕጣ ተወሰነ። ሁለት ጎማ ከነካላማዳሪው (የሞተሯ ቸርኬ ባለ ሽቦ ስለሆነ ካላማዳሪ ይፈልጋል)፣ በብረት ሽቦ የተሸመነ የፍሬን ቱቦ፣ የፊት ሸራ፣ ዘይት፣ ለሁለት ሰው ክብደት የሚሆን ጠንከር ያለ የፊት ሞላ፣ ከኋላ ደግሞ ሁለት አሞርዛተር። መለዋወጫ መደብር ውስጥ የነበረውን ትርዒት ብታዩ! ጋሼ ፍሬን፣ ሞላ፣ ቸርኬ፣ ካላማዳሪ እያሉ ያዝዛሉ፤ ሻጩ ዓይኑን ያፈጣል። ጣሊያን ከአገራችን ሲወጣ ቃላቱን ጋራዥ ውስጥ ረስቷቸው ሄዷል፤ እኛ ደግሞ ቨርጂኒያ ድረስ ተሸክመናቸው መጥተን በእንግሊዝኛ እንተረጉማለን።

ሥራው ሁለት ቅዳሜና እሁድ ፈጀ። ጎማውን ባለሙያ ገጠመልን። የፍሬኑን አየር ያስወጣነው ግን እኛ ነን፤ አንዳችን እጀታውን ጨብጠን ይዘን፣ ሌላችን ከታች የማስወጫዋን ቡሎን ለቅጽበት ከፍተን መልሰን እየዘጋን። ጋሼ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ‹‹ያዝ! ክፈቺ! ዝጊ! ልቀቅ!›› ይሉናል፤ የሰልፍ ልምምድ ይመስላል። አንዲት የአየር አረፋ ከቀረች ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። የፍሬን ዘይት ቀለም እንደሚልጥም የተማርነው አንድ ጠብታ ነዳጅ ታንኩ ላይ ካፈሰስን በኋላ ነው። ያቺ ጠባሳ እስከ ዛሬ አለች።

ለሞላው ደግሞ ሜትር አወጣን። ሞተሯ ብቻዋን ስትቆምና ሁለታችን ስንቀመጥባት ምን ያህል ዝቅ እንደምትል ለካን። ሰው ሲቀመጥ ሞላው ካለው መንገድ ሲሶ ያህሉን ቢወስድ ደህና ነው፤ የድሮው ገና ቆመን ግማሹን ይበላው ነበር። አንድ ወዳጃችን ‹‹የኋላውን አጭር አድርጉት፣ ዝቅ ስትል ታምራለች›› ብሎን ነበር። ጋሼ ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ዝቅ ያለች ሞተር በጥምዝ መንገድ ስታዘነብል እግር ማሳረፊያዋ ቶሎ አስፋልት ይነካል፤ ሞላዋም የሚንቀሳቀስበት ቦታ ያጣል።

ዕቃው ከተገጠመ በኋላም አልቸኮልንም። አዲስ ጎማ መጀመሪያ ላይ ያዳልጣል፤ አዲስ ሸራም ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ ጊዜ ይፈልጋል። ሰው በሌለበት የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ እየተመላለስን መቆም ተለማመድን። አዎ፣ መቆም! የፊቱን ፍሬን በአንድ ጊዜ ከመንጠቅ ይልቅ ክብደቱ ወደ ፊት እስኪመጣ ለስለስ አድርጎ ጀምሮ ከዚያ ማጥበቅ፤ ከኋላውም በልኩ መጨመር። መጀመሪያ የቆምንበትን ቦታ በኖራ እናሰምራለን፤ እሁድ ማታ መስመሩ በብዙ እርምጃ ቀርቦ ነበር። ዕቃው ግማሹን ሠራ፤ ግማሹን የሠራው ልምምዱ ነው።

ከዚያ በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ተራሮች ጫፍ ላይ ወደሚጠማዘዘው ስካይላይን ድራይቭ ወጣን። መንገዱ 105 ማይል ነው፤ የፍጥነት ገደቡም በሰዓት 35 ማይል፣ ማለትም 56 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሞተራችን የእሽቅድምድም ሞተር አልሆነችም። ያው ረጅም ናት፣ ያው ከባድ ናት፤ አንድ ጥምዝ ላይም እግር ማሳረፊያዋ አስፋልቱን ‹‹ጨረር›› አድርጎ ልካችንን ነግሮናል። ለውጡ ግን ግልጽ ነበር። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስንይዝ ፊቷ አይደፋም፤ መሃል ጥምዝ ላይ የተሰነጠቀ አስፋልት ስታገኝ አትወዛወዝም፤ እጀታው በሁለት ጣት ሲነካ ወዲያው ይመልሳል። አጋዘን መንገድ ሲያቋርጥ ቆመን አሳለፍነው። ከኋላ የተቀመጠችው የማንንም ጃኬት አልጨመደደችም።

ማታ ቤት ስንገባ ለእማዬ ሁሉንም ነገርናት፤ የጥቅምቱን ቅዳሜም ጭምር። ዝም ብላ ሰማች። ከዚያ ነጠላዋን ደርባ ወጣችና ‹‹የቱ ነው?›› አለች። እጀታውን አሳየናት። ጨበጠችው፤ ጠንካራ ነው። ለቀቀችውና ወደ ነጂው ዞረች፤ ‹‹ታዲያ ይህ ሳይኖራት ነው እህትህን ከኋላ ያስቀመጥካት?››

መልስ አልነበረንም። ሁለት ቀን አላናገረችንም። በሦስተኛው ቀን ጋሼ ቤት ድረስ ቡና ይዛ ሄዳ አመሰገነቻቸው።

ወዳጆች፣ ማርሚታውን እስካሁን አልገዛንም። ሞተር ያላችሁ፣ ወይም ሞተር የሚነዳ ወንድም ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉልን፤ ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ፣ የፍሬን ዘይቱንም ጠጅ ይሁን ቡና ተመልከቱ። ‹‹ስንት ትሮጣለች?›› ብሎ ለሚጠይቃችሁ እንደ ፈለጋችሁ መልሱ፤ ለእናታችሁ ግን እውነተኛ መልስ ይኑራችሁ።

ቸር ይግጠመን!